ላቡን ጠል ብዬ ያነበብኩት

ሥራዬ ማንበብ ነው ብል አላጋነንኩም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ የሐኪም ወረቀት አነባለሁ፣ የመድኃኒት ካርቶን አነባለሁ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ» እያልኩ እናገራለሁ። የጅቡቲ መስመር ሹፌርም፣ ከሸንኮራ እርሻ የመጣው የቀን ሠራተኛም፣ የሆቴል ቤት እመቤትም እኔ ያልኩትን ይውጣሉ። አንዲት ቃል ብስት ሰው ሊሞት እንደሚችል ስለማውቅ ያልተጻፈ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በዚያ መስኮት በኩል ማለቴ ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ያደረግሁትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። የሌሎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የእኔ ስም አስካለ ነው፤ እሱን መቀየር ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። ወደ አዋሽ የመጣሁት ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር፤ ዓመቱ ሌላ ዓመት እየወለደ እዚሁ ቀረሁ። ሰው አላበዛም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን። በዚያ ሙቀት ነጠላዬን ሳላወልቅ ስለምውል የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ሲመጣ እኮ መልአክም እጅጌውን ይሰበስባል» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ልሸሽገው አልችልም። ጥንቁቅ ናት፣ ጨዋ ናት መባልን እወድ ነበር።

እማማ ዘሀራን ያወቅኋቸው በዚያው መስኮት ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው መጥተው አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ሲሸጡ የኖሩ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ይመጡና ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል። አንድ ቀን ካርቶኑን ወደ ቦርሳቸው ከከተቱ በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንቺ ወሬ አታመላልሺም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌላም የሚነበብ ወረቀት ነበረኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ የፍቅር ደብዳቤ ነበር። የጻፈውም ጋሽ ሙሉሰው፣ ዜማዎቹን ያላንጎራጎረ ሰው የማይገኝለት የሙዚቃ ደራሲ። ወጣት ሳለ ባንዱን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ ቀናት ቆዩ። ሻይ የሚጠጣው ዘሀራ ዘንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በባቡር ሠራተኞች እጅ ይመጣ ጀመር። እማማ ዘሀራ ማንበብ ስለማይችሉ የጣቢያው ቲኬት ቆራጭ ያነብላቸው ነበር። ቲኬት ቆራጩ ወደ ሌላ ቦታ ተቀይሮ ሄደና እዚያው ሞተ። የመጨረሻዋ ደብዳቤ የደረሰችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ለሌላ ሰው ለማስነበብ አፈሩ። አገቡ፣ ወለዱ፣ ባላቸውን ቀበሩ፤ ደብዳቤዎቹ ግን ከሳጥናቸው ሥር ተኝተው ቆዩ። የቀድሞዎቹን ቃል በቃል ረስተዋቸዋል፤ የመጨረሻዋን ጭራሽ አልሰሟትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርኩ። ዐቢይ ጾም ነበር። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ እያነበብኩ አንድ ቦታ ስደርስ ዓይኔ ተተከለ። እንዲህ ይላል፦ «የአንገትሽ ላብ ጨው እስካሁን ከከንፈሬ አልወጣም።»

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ።

«ጽሑፉ ደብዝዟል።»

አልደበዘዘም ነበር። በጾም፣ የቅዳሴ ጠበል ጠጥቼ በመጣሁበት አፍ፣ ይህንን እንዴት ልበለው? ደግሞ እሳቸውን የሚያክል የሸመገለ ሰው ፊት! ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው ካደግሁት የጸሎት አነጋገር ቶሎ አንድ ነገር ቀጣጠልኩና፣ «አንቺ ባለሽበት በረሃ ላይ ጠል ይወርዳል» አልኩ።

እማማ ዘሀራ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ሱብሃነላህ! ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩት። በቃ፣ ነገሩ ያኔ አለቀ። በየእሑዱ፣ «እስቲ የጠሏን አንብቢልኝ» ይሉኛል፤ እኔም ወረቀቱን እያየሁ ወረቀቱ ላይ የሌለውን አነባለሁ። ሌሎቹንም ደብዳቤዎች እንዲሁ አጸዳኋቸው። አልኮል ያለበትን ዘለልኩ፣ ገላ ያለበትን በሌላ ተካሁ። የመጨረሻዋን ደብዳቤ ግማሿን ተውኳት፤ ስለ ሚስቱ የሚያወራ ነበር። ባለትዳር እንደነበር እማማ ዘሀራ አያውቁም፣ ለምን አሳዝናቸዋለሁ ብዬ። ደግሞም አንድ ነገር አስማልኳቸው፦ እኔ እንደማነብላቸው ለማንም እንዳይናገሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች ቢሰሙ ምን ይሉኛል?

«አማና ነው፤ በእኔና በአላህ መካከል ይቀራል» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አነበብን። ከዚያ ጋሽ ሙሉሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አዋሽ መጥቶ እማማ ዘሀራን አነጋገራቸው። የጋሽ ሙሉሰው ቤተሰቦች «ደብዳቤዎቹ የሐሰት ናቸው» ብለው ተነሡ። የሰፈሩ ወጣቶች እማማ ዘሀራ በመንገድ ሲያልፉ «የሙሉሰው ሚስት! ዛሬ ምን ጻፈልሽ?» ይሏቸው ጀመር። እዚህ አገር ስትኖሩ ስማችሁ አንዴ ከተበላሸ ከመኪና ተራ እስከ ገበያ ይከተላችኋል።

ሰመራ ላይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ያለፉ የኪነ ጥበብ ሰዎችን መታሰቢያ የሚያሳይ አዳራሽ ሊከፍት ነበርና ደብዳቤዎቹን አስቀድሞ ወሰዳቸው። በኋላ ደውለው እማማ ዘሀራን ከጋሽ ሙሉሰው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ሊያገናኟቸው እንደሆነ ነገሯቸው። እኔ የሄድኩት እንደ መድኃኒት ያዥ ነው። «ግፊቴ ከፍ ቢል ይህች ልጅ ታውቃለች» ብለው ነው ያስፈቀዱኝ።

በሌሊቱ መጨረሻ በወጣው ሚኒባስ ተሳፈርን። ሹፌሩ ያውቃቸዋል። ገና ሲያያቸው የጋሽ ሙሉሰውን ስለ አንዲት የባቡር ጣቢያ ልጅ የሚያወራ ዘፈን ከፈተ።

«እማማ፣ ይኼ ለእርስዎ ነው አይደል? ትርፍ ወንበር ልያዝለት?»

«ያዝለት። ሒሳቡን ከመቃብር ይልክልሃል» አሉት።

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። ጥቁር አበባ ያለበትን ሻሻቸውን ለብሰዋል፣ ሒና ተቀብተዋል። አዋሽ አርባን እንዳለፍን ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ደብዳቤዎቹ ምን እንደሚሉ በቃልሽ ትነግሪናለሽ አሉኝ። ያንቺ ከሆኑ ታውቂያቸዋለሽ አሉኝ። ይቺማ ምን አላት? እንደ ፋቲሃ ነው የማውቃቸው!» አሉ።

ልብ በሉ፣ ሙቀቱ ገና አልጀመረም ነበር፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

የተጻፈው ሌላ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነው። ገዋኔ እስክንደርስ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ከገዋኔ ወዲያ ግመሎች መንገዱን ሞልተው መኪናው ቆመ። አሁን ልናገር አልኩ።

«እማማ…»

«ቆይ አትረብሺኝ፤ እያጠናሁ ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን እንደ ተማሪ ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። «…አንቺ ባለሽበት በረሃ ላይ…»

ግመሎቹ አለፉ። መኪናው ተነሣ። እኔም ዝም አልኩ። ሚሌ ላይ ዝም አልኩ። ሎጊያ ስንደርስ የቆሙት ተሳቢዎች ረድፍ ማለቂያ ያጣበት ቦታ ላይ፣ ጋራዥ ፊት ለፊት ሻይ ስንጠጣም ዝም አልኩ። በልቤ የምጸልየው ምን ብዬ እንደነበር ልንገራችሁ፦ ጌታ ሆይ፣ ያቺን መስመር አያንሷት። ጥፋቴን ይቅር በል አላልኩም፤ ደብቅልኝ ነበር ያልኩት።

የሰመራው አዳራሽ አዲስ ነው። የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣለትም። ሰብሳቢው አቶ ያሲን የሚባል የአፋር ልጅ ነው፤ ሸሚዝ በሽርጥ ለብሷል። አማርኛን ከሹፌሮች የተማረ ይመስላል፤ አንቱ ብሎ ነገር አያውቅም፣ ግን ማንንም አያስቀይምም።

«እማማ ዘሀራ፣ ደህና መጣሽ። መጀመሪያ ውኃ ጠጪ። ሰመራ ላይ ውኃ ያልጠጣ ሰው እውነትም ውሸትም መናገር አይችልም» አለ።

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ወይዘሮ ሶስና ተቀምጣለች፤ የጋሽ ሙሉሰው ልጅ። ጥቁር ለብሳለች። ደብዳቤዎቹ ፊት ለፊቷ ተዘርግተዋል። ክፉ ሴት ትሆናለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የደከመች ሴት ሆና አገኘኋት።

«እማማ፣ ላስቀይምዎ አይደለም» አለች። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ወንድምሽ ነኝ ብሎ የመጣ አለ። ዜማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ያለ አለ። አሁን ደግሞ ደብዳቤ። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ሬዲዮ ትሰማለች።»

«ልክ ነሽ ልጄ። አባት ያለው ሰው ይጠይቃል» አሉ እማማ ዘሀራ።

«ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ማን ነው ያነበበልዎ?»

«ያኔ ቲኬት ቆራጩ ነበር። ሞቷል፣ አላህ ይማረው።»

«ከሱ በኋላስ?»

እማማ ዘሀራ ወደ እኔ አልዞሩም። አጠገባቸው ነበር የተቀመጥኩት፤ ክንዳቸው ክንዴን ይነካል። «ከሱ በኋላ ያነበበልኝ ሰው አማና አለው። አልናገርም» አሉ።

ሶስና አቶ ያሲንን አየችው። እሱም ትከሻውን ሰበቀ። «እሺ፣ የምታስታውሺውን በይልን» አላቸው።

እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የጠሏን ነበር መጀመሪያ ያሉት። ሶስና በጣቷ ወረቀቱን ተከተለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ።

«ይኼ እዚህ የለም።»

«አለ ልጄ። የመጀመሪያዋ ላይ ነው፤ ከሰላምታው ቀጥሎ።»

«የለም እማማ። ቦታው ላይ ሌላ ነገር ነው የተጻፈው። ደግሞ አባቴ እንዲህ አይናገርም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚረግጠው ሠርግ ሲጠራ ነበር። ይኼ የካህን አነጋገር ነው።» ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አሏት። ጥቂት ይገጥማል፣ ብዙው አይገጥምም። በመጨረሻ ሶስና ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «ወረቀቱና እርስዎ አትተዋወቁም። ከየት እንዳገኙት አላውቅም። ማን እንዳሳሳተዎም አላውቅም። ግን ለእርስዎ የተጻፈ አይደለም።»

አቶ ያሲን ሰዓቱን አየ። «ሶላት ደርሷል። ከዙህር በኋላ ተመልሰን እንጨርሳለን» አለ።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ የኒም ዛፍ አለ። እማማ ዘሀራ ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አማናዬን ጠብቀው የተዋረዱት ስለ እኔ ነው፤ ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አንቺ ምንም እንዳትናገሪ። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እጃቸውን እያዩ፣ «እናቴም በመጨረሻ እንዲህ ሆና ነበር። ያልሆነውን ሆኗል ትል ነበር፤ ለሞቱ ሰዎች ምሳ አቅርቡላቸው ትለን ነበር። እኔም ደረሰብኝ ማለት ነው? የጠሏን ነገር ራሴ ነኝ የፈጠርኳት? አስካለ፣ ሙሉሰውስ መጥቶ ነበር? ወይስ እሱንም ራሴ ፈጠርኩት?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እዚያው ዛፍ ሥር፣ ማንም ሳይሰማ፣ ለእሳቸው ብቻ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ውኃ ይጠጡ» አልኩ። መድኃኒታቸውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ካርቶኑን ሳያስነብቡኝ ዋጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ተመልሰን ገባን። አቶ ያሲን ቆሞ፣ «እንግዲህ ደብዳቤዎቹን አልተቀበልናቸውም። እማማ ዘሀራ፣ አትዘኚብን፤ ሰው ሲያረጅ…» ሲል ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። እሱ «ሲያረጅ» ያላት ቃል ነች ያስነሣችኝ መሰለኝ።

«አላረጁም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሳነብላቸው የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጠሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እዚያ የተጻፈው ስለ ላብና ስለ ጨው ነው። አፍሬ ነው። ጾም ነበር።»

እማማ ዘሀራን ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ።

ሶስና ናት ቀድማ የተናገረችው። «እርስዎ? መድኃኒት ያዥዋ?» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የአባቴን ደብዳቤ እንዲያርሙ ማን ሾመዎ?»



«ደግሞ ይህን በምን አምናለሁ?» ብላ ወደ አቶ ያሲን ዞረች። «ሲታወቅባቸው ልታድናቸው ፈልጋ ቢሆንስ? አሁን እንግዲህ ጨው ብላ ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም አዎ ጨው ሊሉ ነው።»

እኔ ወረቀቱን ለማሳየት እጄን ስዘረጋ አቶ ያሲን መዳፉን አነሣ። «ተዪው። ከዚህ በላይ አትናገሪ።» ወረቀቱን ከሶስና ተቀብሎ ወደ ራሱ አዞረና ዝም ብሎ አነበበ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ከዚያ ወደ እማማ ዘሀራ ዞረ። «እማማ፣ እሷን እርሻት። ሙሉሰውና ጨው ሲባል ምን ትዝ ይልሻል?»

የእማማ ዘሀራ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞርኩ። እየሳቁ ነበር። በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው እንደ ልጃገረድ።

«ያ ባለጌ!» አሉ። «ያ ባለጌ፣ ይህንንም ጽፎት ነበር ለካ! ረስቼው። ልጄ፣ አባትሽን እያማሁ አይደለም፤ አፉ በዪኝ። ባቡሩ የተበላሸ ጊዜ ጥላ ያለው የዕቃው ፉርጎ ውስጥ ብቻ ነበር። የጨው ጆንያ ጭኖ ነበር። እዚያ ላይ ተቀምጠን ነበር። ስነሣ ቀሚሴም አንገቴም ጨው በጨው ሆኗል። እሱ ደግሞ፣ ‹ካንቺ ይሁን ከጆንያው አልለየሁትም› ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።»

አቶ ያሲን ወረቀቱን ለሶስና መለሰላትና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አደረገላት። እኔ ያቺን መስመር አውቃታለሁ። ጨው ከሚለው ቀጥላ ያለች ናት፤ አንድም ቀን አንብቤላቸው የማላውቃት። «ከጆንያው ይሁን ካንቺ፣ እስካሁን አልለየሁትም።»

ሶስና ብዙ ጊዜ አየቻት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እንዲህ ነበር የሚቀልደው» አለች፤ ለማንም አይደለም ያለችው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እውነት ወጣች፣ እማማ ዘሀራ ውሸታም እንዳልሆኑ ታወቀ፣ እኔም አፍሬ ተማርኩ ብዬ እተወው ነበር።

እማማ ዘሀራ ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «አንተ አንብብልኝ» አሉት አቶ ያሲንን። «ሁሉንም። እንዳለ።»

አነበበላቸው። ያፍር ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ግን አንድ ቃል አልዘለለም። እማማ ዘሀራ አንዳንዴ «ኧረ ሂድ!» ይላሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። የመጨረሻዋ ደብዳቤ ላይ ደረሰ። እኔ ግማሿን የተውኳት። አቤቱ፣ ያን ጊዜ ከወንበሩ ሥር ብገባ እወድ ነበር።

ደብዳቤዋ ባለትዳር መሆኑን ደብቋቸው እንደነበር ትናገራለች። ሚስቱ እንዳረገዘች፣ ተመልሶ እንደማይመጣ ትናገራለች። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦ «ዋሽቼሻለሁ። ይቅር ካልሽኝ አንዲት ቃል ላኪብኝ። በባቡር ሰው አፍ ትሁን፣ በሹፌር አፍ ትሁን፣ መቼም ትምጣ። አንቺ ይቅር እስክትዪኝ ድረስ እጠብቃለሁ።»

እማማ ዘሀራ እጃቸውን አነሡ፤ አቶ ያሲን አቆመ።

«ይቅርታ ጠይቆኝ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

አሁን ነው ወደ እኔ የዞሩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ እመርጥ ነበር። «አስካለ፣ ይህችን ያነበብሽልኝ ጊዜ ሙሉሰው በሕይወት ነበር» አሉ።

«ነበር እማማ።»

«ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ኖሯል።»

«ኖሯል።»

«አዋሽ ላይ በየቀኑ ስንት መኪና ወደ አዲስ አበባ ያልፋል?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «አፉ ሳልለው ሞተ።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ይቅርታ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ። አንድ ሰው የለመነውን ይቅርታ፣ ሌላዋ ልትሰጠው የምትችለውን ይቅርታ፣ መካከላቸው ቆሜ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሚስት የሚለውን ቃል ላለማንበብ ብዬ።

ሶስና ተነሥታ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ ዘሀራ፣ «እርጉዟ እናትሽ ናት? ያረገዘችው አንቺን ነው?» አሏት። ሶስና ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። «እንግዲያው ለእሷ አታንብቢላት። እኔ ውሸታም አለመሆኔን ካወቅሽ ይበቃኛል። አባትሽ መቃብር ላይ ስትሄጂ ግን፣ ዘሀራ አፉ ብላሃለች በይልኝ።»

ደብዳቤዎቹ አዳራሹ ውስጥ አልተሰቀሉም። ሶስና እናቷ በሕይወት እስካለች እንዲቆዩ ለመነች፤ እማማ ዘሀራም ተስማሙ። ስለዚህ በሬዲዮም በወሬም እስከ ዛሬ «የጋሽ ሙሉሰው ናቸው የሚባሉት ደብዳቤዎች» ነው የሚባሉት። ወጣቶቹም መንገድ ላይ መቀለዳቸውን አልተዉም።

ወደ አዋሽ ስንመለስ እማማ ዘሀራ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። እኔም አፉ በሉኝ ብዬ ነበር፤ እንዳልሰሙ ሆኑ። ገዋኔ አካባቢ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«ያቺ የጠሏ። ያንቺ ናት እንግዲህ?»

«የእኔ ናት።»

«እኔ ያንቺን ቃል ነው ስወድ የኖርኩት ማለት ነው። በማን አስበሽ ነው ያልሽው?»

«በማንም።»

«ተይ። እንዲህ ያለ ቃል በማንም ታስቦ አይወጣም።»

ዝም አልኩ። እውነቱን ግን ለእናንተ ልጽፈው። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ማንም ጽፎልኝ አያውቅም። ሰው ቢጽፍልኝ ብዬ የምመኘውን ነበር ለእሳቸው ያነበብኩት። ጾሜን ጠበቅሁ እል ነበር፤ እሑድ እሑድ ግን ወደዚያ በረንዳ እየቸኮልኩ የምሄደው ያቺን መስመር ከራሴ አፍ ለመስማት ነበር። ከእማማ ዘሀራ ፊት ላይ ደግሞ ቃሉ ሴትን ምን እንደሚያደርጋት ለማየት።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ቀኖና ሰጥተውኛል፣ ፈጽሜያለሁ። ወይዘሮ ሶስናም እንደተላከችው መቃብሩ ላይ ሄዳ ነግራዋለች አሉ። የእኔ ነገር ግን የቀረው እማማ ዘሀራ ዘንድ ነው፤ እሱን ጾም አይከፍልልኝም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል ለሌላ ሰው የምታነቡ፣ የምታስተረጉሙ፣ መልእክት የምታደርሱ ትኖሩ ይሆናል። ለእናቷ ስልክ ላይ የመጣ ጽሑፍ የምታነብ ልጅ ትኖር ይሆናል። እኔ ክፉ ነገር ያደረግሁ አይመስለኝም ነበር። ክፉ ቃል አላነበብኩም፣ ማንንም አልሰደብኩም፤ ያማረ ነገር ነው የጨመርኩት። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በደግነቴ ላይ አንድም ቀን ጥርጣሬ አልነበረኝም።

እማማ ዘሀራ አሁንም መድኃኒታቸውን ከእኔ ነው የሚወስዱት። ሌላ መድኃኒት ቤት ቢሄዱ ይቀለኝ ነበር፤ አልሄዱም። ጠዋት ይመጣሉ፣ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። አፉ በሉኝ ስላቸው «ኢንሻአላህ» ይሉኛል። ካርቶኑን እሰጣቸዋለሁ። «አንብቢልኝ» ይላሉ። አነባለሁ፦ ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ።

ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ኋላቸው ይዞራሉ። ተራ ለሚጠብቀው ሰው፣ ለሹፌሩ ወይም ለቀን ሠራተኛው ይዘረጉለታል።

«ልጄ፣ እስቲ አንተ ደግሞ አንብብልኝ።»

እኔም ከመስኮቱ ጀርባ ቆሜ አንብቦ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።